ሁለቴ የተወሰደ ስም

የጉባ ሙቀት ሰው አያስቀምጥም። ማንኩሽ ውስጥ ኳስ ለማየት የገባሁበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ቬንትሌተር ከጥግ ቆሞ የጋለውን አየር ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል እንጂ አያበርድም። ባርሴሎና ከሪያል ማድሪድ ሊጫወቱ ነው። ከፊት ያሉት የፕላስቲክ ወንበሮች ገና ጨዋታው ሳይጀመር ሞልተዋል። ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ የለበሰው የባርሳ ማሊያ በእጥበት ብዛት ከጀርባው ስሙ ለቆ 10 ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ካታላን፣ ግማሹ ማድሪዳዊ። ክርክሩን የሰማ ሰው ሁሉም ቦታውን በአካል አይቶት የመጣ ይመስለዋል።

በር ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል። በዚያ ሙቀት አንገታቸው ላይ ቢጫና ብርቱካናማ ስካርፍ ጣል አድርገዋል። ልጆቹ ጋሼ ነው የሚሏቸው፤ እኔም ጋሼ አልኳቸው። የሕዳሴ ግድብ ሥራ በተጀመረ በዓመቱ ከአዲስ አበባው አራዳ መጥተው ጥበቃ ሆነው የሠሩ ናቸው። ዕረፍት ላይ፣ ቤቱ ትንሽ ጸጥ ሲል፣ ማንንም ሳያዩ እንዲህ አሉ፦

«ባርሳ ባርሳ ትላላችሁ። የኛን ክለብ ስም ሁለቴ ወስደውታል። ሁለቴም አስመልሰነዋል።»

«ጋሼ ደግሞ ሳንጆርጁን ሊጀምሩ ነው!» አለ ባለ 10 ቁጥሩ፤ ሳንጆርጅ ማለት ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ቤቱ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና ዝም አሉ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ማንጎው ዛፍ ሥር ቡና ጠጣን። የሰማሁትን፣ ኋላም ያነበብኩትን እነሆ ከመጀመሪያው ጀምሬ እተርከዋለሁ። ባለ 10 ቁጥሩ ልጅ እንዲያነበው ስለምፈልግ የባርሳንም ታሪክ መሀል መሀሉ ላይ እጨምርበታለሁ።

የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በታኅሣሥ ራስ እምሩ ተከዜን ተሻግረው ደምበጉይና ላይ ጠላትን ገጥመዋል፤ አዲስ አበባ ጦሩን ሸኝታ ወሬ ትጠብቃለች። በዚያው ታኅሣሥ አራዳ ውስጥ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች የኳስ ቡድን አቋቋሙ። ዱካስ የግሪክ ዘር ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አገር እየተወረረ ኳስ መመሥረት ዛሬ ሲሰማ ግር ይላል። በዚያ ጊዜ ግን በከተማው የተደራጀ ኳስ የሚጫወተው አብዛኛው የውጭ ሰው ነበር፤ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ጣሊያኑ ሁሉ የየራሱ ቡድን ነበረው። የአገሬው ልጅ ዳር ቆሞ ያያል። ሁለቱ ወጣቶች ያንን ነው የለወጡት።

ስሙን ከሩቅ አላመጡትም። ሰፈራቸው ላይ የቆመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ። ይህ ስም ለጣሊያን ጆሮ ምን ዓይነት ስም እንደሆነ ለመረዳት 40 ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነው። ዓድዋ የተዋጋነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ወር በገባ በ23 ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። ታቦቱም ዘምቷል። ምኒልክ ያንን ድል ለማስታወስ ነው አራዳ ላይ ካቴድራሉን ያሠሩት። እነ አየለ ስሙን ሲያወጡ ይህንን አስበው ይሁን ወይም ሰፈራቸውን ብቻ አስበው፣ የዓድዋን ታቦት ስም ለኳስ ቡድናቸው ሰጡት።

አምስት ወር አልቆየም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

እዚህ ላይ ወደ ስፔን ልሻገር። ባርሴሎናን እ.ኤ.አ. በ1899 ያቋቋመው ሃንስ ጋምፐር የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ነው። የባርሳ ስም ከካታላን ሕዝብ ጋር እየተቆራኘ የሄደው ቀስ በቀስ ነው። በ1925 ሜዳው ውስጥ ተመልካቹ የስፔንን ብሔራዊ መዝሙር በፉጨት ስላወከ በጊዜው አገሪቱን የሚገዛው ጄኔራል ፕሪሞ ደ ሪቬራ ሜዳውን ለወራት ዘጋው። ጋምፐርም ከአገር እንዲወጣ ሆነ። አዲስ አበባ በተያዘች በሦስተኛው ወር፣ ነሐሴ 1936 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ የባርሳው ፕሬዚዳንት ጁሴፕ ሱኞል ከማድሪድ በስተሰሜን ባለው ተራራ በመንግሥት ላይ ባመፀው በጄኔራል ፍራንኮ ወታደሮች ተይዞ ተረሸነ። ማድሪድና ባርሳ ሲጫወቱ የሚጮኸው ልጅ አንዳንዴ የሚጮኸው በማን ላይ እንደሆነ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ወደ አራዳ እንመለስ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ሦስት ቀን አዲስ አበባ በአካፋና በሳንጃ ታረደች፣ ቤቷ ተቃጠለ። በእነዚያ ቀናት እሳት ከተለቀቀባቸው አንዱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው። የቡድኑ ስም የመጣበት ደብር ማለት ነው። ከዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1930 ዓ.ም.፣ የዚያው የሙሶሊኒ አውሮፕላኖች ባርሴሎናን ደበደቡ፤ ፍራንኮን ለማገዝ። ከወደቁት ቦምቦች አንዱ የባርሳን ክለብ ጽሕፈት ቤት አፈረሰ። የአንዱን ክለብ ደብር ያቃጠለውና የሌላውን ክለብ ቢሮ ያፈረሰው አንድ ሰው ነው። ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ታዲያ ዘመዳሞች ነና!» አሉ።

ከእሳቱ ይልቅ ጋሼን የሚያንገበግባቸው ግን የስሙ ነገር ነው። ፋሺስቶቹ ኳስን አልከለከሉም፤ ከፋፈሉት። ጥቁር ከጥቁር፣ ነጭ ከነጭ እንዲጫወት አደረጉ። ቡድኖቹን በራሳቸው መዝገብ አስገብተው በራሳቸው ስም ጠሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ የፋሺስቱ ምልክት የሆነው በአንድ የታሰረው የበትርና የመጥረቢያ እስር ነው። ከዓድዋው ታቦት ስም ወደ ፋሺስት መጥረቢያ! ልጆቹ ግን አልተበተኑም። ማሊያው ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ሰፈር ውስጥ የሚጠሩት ሌላ ሆኖ ቆየ።

ስፔንም እንዲሁ ነው የሆነችው። ፍራንኮ ጦርነቱን አሸንፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የባዕድ ቃል ያለበት የክለብ ስም ሁሉ ወደ ስፓኒሽ ይመለስ ተባለ። «ፉትቦል ክለብ ባርሴሎና» የነበረው ቃሉ ተገልብጦ «ክለብ ደ ፉትቦል» ሆነ፤ ዓርማው ላይ ካሉት የካታላን አራት ቀይ ዘንጎች ሁለቱ ተነሡ። የባስኮቹ አትሌቲክ ቢልባኦ «አትሌቲኮ» ተባለ። ሁለቱም የቀድሞ ስማቸውን ያገኙት በ1970ዎቹ ነው፤ 30 ዓመት አለፈው ማለት ነው። ማድሪዶችም ቢሆኑ አልቀረላቸውም፤ «ሪያል» የሚለውን የንጉሥ ማዕረግ በ1931 ሪፐብሊኩ ሲመጣ አጥተው ነበር፤ ለእነሱ ግን ፍራንኮ አሥር ዓመት ሳይሞላ በ1941 መለሰላቸው። በዚህ ላይ አስተያየት አልሰጥም። ቤቱ ውስጥ ግማሹ ማድሪድ ነው።

የኛ አምስት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው። ነፃነቱ የመጣውም ጋሼ አሁን በሚኖሩበት በዚሁ አካባቢ በኩል ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ከዚህ ከጉባ በስተሰሜን ያለው የድንበር በረሃ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው በመተከሉ በበላያ ተራራ አድርጎ ወደ ጎጃም ዘለቀ። ቀድመው የገቡትን አርበኞችና ስንቅ የተሸከሙትን ግመሎች ያየ ሽማግሌ እዚህ አገር ሞልቶ ነበር። መጋቢት 2 ቀን ደግሞ አሶሳን ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ጦር ከጣሊያን እጅ አስለቀቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ሊቶሪዮ የሚለው ስም ከነባለቤቱ ሄደ፤ ጊዮርጊስ ጊዮርጊስ ተባለ።

ያን ጊዜ የነበረው ኳስ የከተማዋን መልክ ይመስል ነበር። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ናቸው፤ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን፣ አምስተኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ። ከአምስቱ የአገሬው ሰው ቡድን እሱ ብቻ ነው። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ጦር ነው፤ ያን ጊዜ እንግሊዝ ያልወሰደው ነገር ምን ነበርና! ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው።

ይድነቃቸው ተሰማን ሳይጠሩ ይህን ዘመን ማለፍ ነውር ነው። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በአማርኛ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ። ልጅየው ጂማ ተወልዶ አዲስ አበባ አደገ፤ ለጊዮርጊስ 15 ዓመት ያህል ተጫውቶ በ365 ጨዋታ 318 ጎል አግብቷል የሚል ነው የተመዘገበው። ቁጥሩ ዛሬ ተረት ይመስላል፤ ግን በስሙ የቀረው ትልቁ ሥራ ጎሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን ሲመሠርቱ ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ነው የምልከው ስትል ከውድድሩ ተባረረች። ወጣትነቱን «ጥቁር ከጥቁር» በሚል ሕግ ሥር ላሳለፈ ሰው ያ ውሳኔ ከደንብ በላይ ነው። ይድነቃቸው በኋላ ከ1972 እስከ ሞተበት እስከ 1987 ድረስ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መርቷል፤ አፓርታይድንም እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፤ ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ያኔ ስሟ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ በበደዊ ቀደመች። ሰዓቱ ሄደ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ጩኸቱ ሳይበርድ በ75ኛው በደዊ መልሶ አገባ። በ84ኛው ሉቺያኖ ቫሳሎ። 2 ለ 2፣ ጭማሪ ሰዓት። ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን። መንግሥቱ የጊዮርጊስ ልጅ ነው፤ አሰልጣኙ ይድነቃቸውም የጊዮርጊስ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ግን የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ተጫዋች ነው። አስመራ የተወለደው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ የጣሊያን ወታደር። ከጊዮርጊስ ጋር እኩያ ናቸው ማለት ነው። የጣሊያን ወታደር ልጅ የኢትዮጵያን ዋንጫ አነሣ። ጋሼ ይህንን ሲሰሙ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ።

ክለቡ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሻምፒዮን ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1967ም የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ከዚያ አብዮት መጣ።

ሁለተኛው የስም መወሰድ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስቃል፤ ያኔ ለኖረው ባያስቅም። በደርግ ጊዜ ክለቦች በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ተደራጁ። ቅዱስ የሚባል ነገር በማይወደድበት ዘመን ጊዮርጊስ በስሙ ሊቀጥል አልቻለም፤ የተሰጠው ለቢራ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ራሱ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ «ቅዱስ ጊዮርጊስ» ይባል የነበረው ነው፤ እሱም ተወርሷል። ስለዚህ አንድ ስም የተቀሙ ሁለት ቤቶች አንድ ላይ ተዳበሉ። ተጫዋቹ «የቢራ» ተብሎ ወደ ሜዳ ይገባል፤ ከመቀመጫው የሚነሣው ድምፅ ግን «ሳንጆርጅ» ነው። ጋሼ ያኔ ጎረምሳ ናቸው። «የሠፈሩ አብዮት ጠባቂም ጭምር ይጮህ ነበር» አሉኝ፤ ማረጋገጫ የለኝም፣ ግን አምኛቸዋለሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በቢራ ስም ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ በሉ። ዛሬ ክለቡ ዋንጫዎቹን ሲቆጥር እነዚያንም ይቆጥራቸዋል፤ ልክ ነው።

በዚሁ ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ቡና ገበያ ተመሠረተ፤ የዛሬው ኢትዮጵያ ቡና። ያለ ቡና የጊዮርጊስ ታሪክ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ቡናዎች በዝማሬ የሚበልጣቸው የለም፤ እኔ የምለው ይህን ነው፣ ጋሼ ግን በዚህ አይስማሙም።

ደርግ ሲወድቅ ስሙ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙ አላብራራም፤ አብዛኛው አንባቢ ኖሮበታል። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ተጀመረ፤ የሼክ መሐመድ አላሙዲ ገንዘብ ገባ፤ ፈረሰኞቹ የሚባሉት ጊዮርጊሶች ዋንጫ ማንሣት ልማድ አደረጉት። ከውጭም ተጫዋች መጣ፤ ከዩጋንዳ የመጣው ግብ ጠባቂ ሮበርት ኦዶንካራ ለዓመታት በሩን ጠብቋል። የአገሬው ልጅ ሜዳ እንዲገባ የተቋቋመ ክለብ እንዲህ ሲሆን ቅር ያላቸው አሉ። የቢልባኦው አትሌቲክ እስከ ዛሬ የሚያሰልፈው የባስክ ልጅ ወይም እዚያ ኳስ የተማረውን ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ከስፔን አንደኛ ዲቪዚዮን ወርዶ አያውቅም። ግን የእነሱ ኮከቦች ኢኛኪና ኒኮ ዊሊያምስ ወላጆቻቸው ሰሐራን በእግር አቋርጠው የመጡ ጋናውያን ናቸው። ከጆርጅ ዱካስ ጀምሮ ብናስበው ጊዮርጊስም የደም ክለብ ሆኖ አያውቅም።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. እዚህ ጉባ ላይ የግድቡ መሠረት ተጣለ። በዚያ ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ኢትዮጵያ ቡና ነው፤ ጋሼ ይህን በፈገግታ ነው የሚያልፉት። ሥራውን የያዘው የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ ሳሊኒ። አባቶቻቸው መሣሪያ ይዘው የመጡበት አገር ልጆቻቸው ኮንትራት ፈርመው መጡ። ጋሼ የመጡት በዓመቱ ነው፤ ስካርፏን ሻንጣ ውስጥ ጠቅልለው።

2005 ዓ.ም.ን አይረሷትም። ብሔራዊ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ሲጫወት ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ቀርተን አቻ የምታደርገውን ጎል ያገባው የጊዮርጊሱ አዳነ ግርማ ነው። ቀኑ ጥር 13 ነው፤ የ1954ቱ ፍጻሜ በዋለበት ቀን። በሚያዝያ ወር ጊዮርጊስ የግብፁን ዛማሌክ ካይሮ ላይ 1 ለ 1፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 2 ተለያይቶ፣ ሳይሸነፍ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ወደቀ። ግንቦት 20 ቀን ጉባ ላይ ዓባይ አቅጣጫውን ቀየረ። ጋሼ ሁለቱን ለይተው አያወሩም፤ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያወሯቸው፤ የግብፅ ነገር ሲነሣ ኳሱም ውኃውም አብሮ ይነሣል። እኔ ኳሱ ኳስ ሆኖ ቢቀር እመርጣለሁ፤ ግን ማንጎው ሥር ሆኜ ይህንን አልተናገርኩም።

በ2009 ዓ.ም. ክለቡ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። በ2014 እና በ2015 ሻምፒዮን ነበር። ከዚያ በኋላ ዋንጫው ወደ ንግድ ባንክ፣ ቀጥሎ ወደ መድን ሄደ። አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ስለተዘጋ ሊጉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲካሄድ ቆየ፤ ብሔራዊ ቡድኑም የሜዳው የተባለውን ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ሲያደርግ ቆየ። 145 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ጳጉሜ 2017 ተመረቀ። ጉባ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላት፤ ደረጃውን የጠበቀ አንድ የኳስ ሜዳ ግን አገሪቱ ለዓመታት አጥታ ቆይታለች። በዚህ ሁሉም ሊያፍር ይገባል።

በማግስቱ ከመሄዴ በፊት ለጋሼ ማሊያ ልገዛላቸው ማንኩሽ ገበያ ወጣሁ። የባርሳ አለ፣ የማድሪድ አለ፣ የማንቸስተርና የአርሰናል አለ። ልጁን የጊዮርጊስ የለህም ወይ አልኩት። ቦንዳውን ከላይ እስከ ታች ገለባበጠና፣ «እሱን የሚጠይቅ አንድ ሰውዬ ብቻ ናቸው» አለኝ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. 90 ዓመት ሞላው።